እርድና የወገብ ዲስክ፦ ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ) ያመማቸው ታካሚዎቼ ከኤምአርአይ ውጤታቸው ጋር የእርድ እንክብል ይዘው መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። «እርድ ዲስክ እንደሚያድን በጥናት ተረጋገጠ» የሚል ዜና አንብበው ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ዜና ስትሠሩ ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ ገና ከርዕሱ ሥር ጻፉልን።

ምርምሩ እውነተኛ ነው። ዲስክ ውስጡ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ሰርጎ ነው የሚደርሰው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ መንገድ ይዘጋጋል። ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች በሴሎቹ ውስጥ ይበዛሉ፣ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይነሳል፣ ውሃ ይዞ የሚያለሰልሰው የመሐል ክፍል ይደርቃል። የእርዱ ኩርኩሚን፣ የወይን ልጣጩ ሬስቬራትሮል፣ የአረንጓዴ ሻዩ ኢጂሲጂ የተባሉት ውህዶች ይህን ጉዳት ሲያቀዘቅዙ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይቷል። እኔም በጉጉት ነው የምከታተለው።

ግን በአብዛኛው የታየው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባደጉ ሴሎችና በአይጥ ጅራት ላይ ነው። የአይጧ ጤነኛ ዲስክ በመርፌ ተወግቶ እንዲበላሽ ይደረጋል። የኛ ግን በዓመታት ውስጥ ነው የሚያረጀው። በዚያ ላይ በሰው ልጅ ገና በልጅነት የሚጠፉ የዲስክ ሴሎች አይጥ ላይ አድገውም ይቆያሉ። ኩርኩሚን ደግሞ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ከደም ወደ ዲስኩ መድረሱ ሌላ ጣጣ ነው።

«እኔን አድኖኛል» የሚሉም አሉ። አልዋሹም፣ ተሽሏቸዋል። ነገር ግን የዲስክ መንሸራተት ሕመም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይቀላል። እንክብሉ ባይዋጥም ሊሻላቸው ይችል ነበር።

እርዱ ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ማንም አይከለክልም። የሚያሳስበኝ በብዛት የሚዋጠው ነው። በእንክብሉ ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል።

አንድ ሹፌር ታካሚዬ እንቅስቃሴውን ትቶ እንክብሉን ብቻ ይዞ ሰነበተ። ሲመለስ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሳት አቅቶት ነበር። ነርቩ እየተጎዳ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ስለ እርድ በጻፋችሁ ቁጥር ይህችንም አብራችሁ አትሙልን፦ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ መቀመጫውና ጭኑ መሐል ከደነዘዘው ወይም እግሩ ከሰነፈ፣ ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።