ፖሊሱ ከመጠየቁ በፊት «ወላጅ አምጣ» ይባልልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ወር የዕድር ስብሰባችን ላይ የትምህርት ቤት ፖሊስ ነገር ተነስቶ ሰው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ «ይኑሩልን፣ ተኩስ በበዛበት አገር ልጄን ያለ ጠባቂ አልልክም» አለ። ግማሹ ደግሞ «ጥቁር ልጅ የወለደ ሰው ፖሊስ ክፍል ድረስ ይግባ አይልም» አለ። እኔ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ውስጤ የቀረው ነገር ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ ይሄን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። አንድ ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ሽሮውን እየጠቀለለ «እማ፣ ዛሬ ኦፊሰሩ አናገረኝ» አለኝ። ልጎርስ ያነሳሁት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። ምን ሆነህ ነው? ኮሪደር ላይ ሁለት ልጆች ተደባድበዋል፣ የአንዱ ስልክ ጠፍቷል። የኔ ልጅ እዚያ ቆሞ ነበር። ከሒሳብ ክፍል አስጠርተው ትንሽ ቢሮ አስገቡት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አሉ፣ ፖሊሱም አለ። በሩ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቁት። በመጨረሻ ያየውን ወረቀት ላይ ጽፎ ፈረመ።

«ለምን አልደወልክልኝም?» አልኩት።

«ጥሩ ሰው እኮ ነው እማ። መጀመሪያ ስለ ኳስ ነው ያወራን።»

ስልኬን አየሁ። ከትምህርት ቤቱ አንድ የድምፅ መልእክት አለ። የተላከው ልጁ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ነው። እንግሊዝኛው ፈጣን ስለሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ስልኩም ተገኘ። ልጄ የፈረመው ወረቀት ግን የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ወላጅ አምጣ» ነው። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጥታ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ስትቆም ሆዴ ይርድ ነበር። ግን ምን እንደተባልኩ፣ ምን እንደመለስኩ እሷ ፊት ነው የሆነው። የዚያን ጊዜውን ዱላና ቁጣ ማንም እንዲመልስብን አልፈልግም። ያቺን አንዲት ቃል ግን እፈልጋታለሁ።

ፖሊሶቹን ጠልቼ አይደለም። ልጆቻችን «ኤስ አር ኦ» የሚሏቸው እነዚህ ፖሊሶች የተማሪውን ስም ያውቃሉ፣ ጠዋት በር ላይ ሰላም ይላሉ። የጎረቤቴ ልጅ ፖሊሱን ስታይ ልቧ እንደሚረጋጋ ነግራኛለች፣ አምናታለሁ። ጆርጂያ ውስጥ በ2024 አፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ተኩስ ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ፖሊሶች በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰው ተኳሹ እጁን ሰጥቷል። አራት ሰዎች ግን ሞተዋል። በ2018 ፓርክላንድ ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ የታጠቀው የትምህርት ቤት ፖሊስ ውጭ ቆሞ 17 ሰው አለቀ። የቴክሳሱን የዩቫልዴ ትምህርት ቤት ተኩስ የማያስታውስ ወላጅ የለም። በ2022 ከ370 በላይ የጸጥታ ሰዎች ደርሰው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀው፣ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ተገደሉ። ፖሊስ ስላለ ልጄ ይተርፋል የሚለኝን ሰው ማመን ይከብደኛል። ባይኖር ይሻላል ብዬም አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

ጎረቤቶቻችንም አልቆረጠላቸውም። አሌክሳንድሪያ በ2021 ግንቦት ላይ የከተማው ምክር ቤት 4 ለ3 ድምፅ ሰጥቶ ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ። ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋውን በጀትም ለልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አዞረ። ትምህርት ተከፍቶ ድብድቡና የጦር መሣሪያው ሲበዛ፣ ያው ምክር ቤት ጥቅምት ላይ በዚያው 4 ለ3 መለሳቸው። ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ፣ ሞንትጎምሪ ካውንቲም በ2021 ከየትምህርት ቤቱ አውጥቷቸው ነበር። በጥር 2022 ማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ በጥይት ሲመታ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ይግቡ፣ ይውጡ እየተባለ ዓመት ያልፋል። ከገቡ በኋላ ከልጆቻችን ጋር ምን ያደርጋሉ የሚለውን ግን እኛ ወላጆች አንጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ ላንሳ። በ2005 ሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል ውስጥ አንድ የ13 ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ክፍል ተቀምጦ እያለ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ስብሰባ ክፍል አስገቡት። ሁለት ፖሊስና ሁለት የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሰዎች ነበሩ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ስለተሰረቀ ዕቃ ጠየቁት። የምታሳድገው አያቱ ነበረች። ማንም አልደወለላትም። ተነስቶ መሄድ እንደሚችል የነገሩት ካመነ በኋላ ነው። ነገሩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ዳኞቹ 5 ለ4 የወሰኑት፣ ፖሊስ አንድን ልጅ ሲጠይቅ ልጁ እንደ ተያዘ ሰው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ለማለት ዕድሜው መታየት አለበት ብለው ነው። መዝገቡ ላይ ስሙ ተሸፍኖ በፊደል ብቻ ነው ያለው፣ ጄ.ዲ.ቢ. ተብሎ።

ይሄን ሳነብ ልጄ ነው የመጣብኝ። ትልቅ ሰው «ሥራ አለኝ፣ ልሂድ» ይላል። ልጅ አይልም። የኛ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይልም። «ታላቅ ሲጠይቅህ መልስ፣ አትዋሽ፣ አታቋርጥ» ብለን ነው ያሳደግነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ አልጸጸትበትም። ያ ዝግ ክፍል ውስጥ ግን ልጁን ብቻውን ይተወዋል።

የቨርጂኒያን ሕግ ባለኝ አቅም ሰው እያስተረጎምኩ አየሁ። ጥሩ ነገር አለው። ከ2020 ወዲህ ተማሪ ትምህርት ቤት ውስጥ «ረበሸ» ተብሎ ብቻ በሕግ አይከሰስም። በዚያው ዓመት ደግሞ ፖሊስ ያሰረውን ልጅ ከመጠየቁ በፊት ለወላጅ እንዲነገር፣ ልጁም ከወላጁ ጋር እንዲገናኝ ተደንግጓል። ልብ በሉ፣ ያሰረውን ልጅ ነው። የኔ ልጅ አልታሰረም። ምስክር ነው፣ «ዝም ብለን ነው የምናወራው» ተብሏል። ይሄ ሕግ እሱ ጋ አይደርስም።

ምን አለበት፣ ልጁ ንጹሕ ከሆነ ይመልስ የሚል አይጠፋም። የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2017 እና 18 የትምህርት ዘመን በሰበሰበው መረጃ ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15 ከመቶ ናቸው። ወደ ፖሊስ ከተመሩት ውስጥ ግን ወደ 29 ከመቶ ይሆናሉ። ፖሊሱ ልጄን ሲያይ የሐበሻ ልጅ ነው ብሎ ለይቶ አያይም። ሌላም ጣጣ አለ። ወላጁ ዜግነት ያልወሰደ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ሲሞላው የዜግነት ማመልከቻ ይሞላል። ቅጹ «ታስረህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የተዘጋ መዝገብም ቢሆን መናገር ግዴታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለ የተፈጠረች ነገር ያኔ ተመልሳ ትመጣለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ባለበት ሁሉ የትምህርት ቦርዱና የፖሊስ መምሪያው የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም አለባቸው። ፖሊሱ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው። ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ይከለሳል። ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለበት፣ ሲከለስም ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ዕድል መከፈት አለበት። እዚያ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባልን፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ምስክርም ይሁን ተጠርጣሪ፣ ፖሊስ ልጅን ከመጠየቁ በፊት ወላጅ ይጠራ። ስልክ ሲደወል ደግሞ አስተርጓሚ መስመር ላይ ይኑር። ሰነዱም በአማርኛ ይውጣ። የምሳ ዝርዝር ተተርጉሞ ቤታችን ይመጣል፣ ይሄ ከዚያ አያንስም።

ፖሊስ ይኑር የምትሉም፣ ይውጣ የምትሉም ይሄ አንቀጽ አያጣላችሁም። የየካውንቲያችሁን ሰነድ ፈልጉ። ክለሳው መቼ እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ ጠይቁ፣ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። የኛ ካውንቲ ክለሳ ሲደርስ እኔ ፈረቃዬን ቀይሬ እሄዳለሁ። ከዕድሩ ሦስት እናቶችና አንድ አባት አብረውኝ ሊመጡ ተስማምተዋል።

እስከዚያው ልጄ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል። ማታ ማታ ሳህን እያጠብን አስደግመዋለሁ። በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትሕትና «እናቴ እስክትመጣ መጠበቅ እፈልጋለሁ» ይላል። አለቃዬም ከትምህርት ቤት ከተደወለ በሥራ ሰዓት ስልክ እንዳነሳ ፈቅዳልኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናት
ሰሜን ቨርጂኒያ