ስለ ባለ መጥበሻው ፎቶ አንሺ፦ ለወንድምዓለም

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። መልሱን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያልኩ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ምክንያት አልደረድርልህም፤ ጥያቄህን ግን አልረሳሁትም። «ያ ዴንማርካዊ ስደተኛ ጄኮብ ሪስ መብራት በሌለበት ጓዳ፣ በእኩለ ሌሊት እንዴት ፎቶ አነሳ? ሰዎቹስ ለምን ሁሉም የደነገጡ ይመስላሉ?» ነበር ያልከው። ደንግጠዋል እንጂ! (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

የሕይወት ታሪኩን ቶሎ ልጨርሰው። ጄኮብ ሪስ በ1849 ሪበ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተወለደ፤ ሙያው አናጢነት ነበር። በ1870 ወዳጆቹ ያዋጡለትን 40 ዶላር ይዞ ኒው ዮርክ ወረደና ግማሹን ሽጉጥ ገዛበት። ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቀው የስደት ኑሮ ነው፤ የቀን ሥራ፣ ረሃብ፣ በፖሊስ ጣቢያ ከቤት አልባዎች ጋር ማደር። በ1877 የትሪቢዩን ጋዜጣ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆነ፤ ቢሮው መልበሪ መንገድ ላይ፣ ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። አሥር ዓመት ስለ ድሆቹ ሰፈር ጻፈ፤ ያነበበው ሁሉ አዝኖ ጋዜጣውን አጥፎ ተቀመጠ።

በ1887 ከጀርመን አንድ ዜና መጣ። አዶልፍ ሚተና ዮሐነስ ጌዲከ የተባሉ ሰዎች የማግኒዥየም ዱቄትን ከፖታስየም ክሎሬትና ከአንቲሞኒ ሰልፋይድ ጋር ቀላቅለው በቅጽበት ቦግ የሚል ብርሃን አገኙ። ማግኒዥየም ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ሽቦውን ስታነደው ቀስ ብሎ ነው የሚነድ፣ ተነሺውም እስኪያልቅ ድንጋይ ሆኖ መቆም አለበት። ክሎሬቱ ኦክስጅን ከራሱ ስለሚሰጥ ዱቄቱ የአየሩን ኦክስጅን ሳይጠብቅ ባንዴ ይነድዳል። ክፋቱም እዚያው ላይ ነው፤ ሲታሽ ወይም ሲመታ ሳያስቡት ይፈነዳል፤ በዚህ ዱቄት እጁን ያጣም የሞተም ፎቶ አንሺ አለ።

«ፋኖስ አልነበራቸውም ወይ?» ትል ይሆናል። ነበራቸው፤ ግን የዚያን ዘመን የመስታወት ኔጌቲቭ (ምስሉ የሚቀረጽበት መስታወት) የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ነው፤ ለቢጫና ለቀይ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። የፋኖስ ብርሃን ደግሞ ቢጫ ነው። ማግኒዥየም ሰማያዊው ስለሚበዛ ለዚያ መስታወት እንደ ቀን ፀሐይ ሆነለት።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ካሜራው መስታወቱ 10 በ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ባለ ሦስት እግር ላይ ይቆማል። በቀን ቢሆን ከኋላ ባለው ፈዛዛ መስታወት እያዩ ያስተካክሉታል፤ በጨለማ ግን ምንም ስለማይታይ ርቀቱን በግምት ወስደህ፣ የቅርቡም የሩቁም ጥርት እንዲል የሌንሱን ቀዳዳ ጠባብ ታደርገዋለህ። ኔጌቲቩን ከነመያዣው ትከታለህ፣ መከለያውን ትስባለህ፣ የሌንሱን ክዳን ታነሳለህ። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ መስታወቱ ምንም አይሆንም፤ ክፍት እንደሆነ ይጠብቃል። ዱቄቱን ትለኩሳለህ፣ ቦግ ይላል፣ ክዳኑን ትመልሳለህ። በቃ፤ መዝጊያ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

መጀመሪያ ዱቄቱ በጥይት ቀለህ መልክ ተጠቅልሎ በሽጉጥ ነበር የሚተኮሰው። አስበው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስት አራት ሰው ካሜራና ሽጉጥ ይዞ በርህን ገፍቶ ሲገባ! ሰዎቹ በመስኮት እየዘለሉ ይሸሹ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ሽጉጡን ትቶ መጥበሻ ያዘ፤ መጥበሻ የቤት ዕቃ ነው፣ ሰው አያስደነግጥም ብሎ። በዚያው መጥበሻ ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፣ አንድ ጊዜም ራሱ ላይ እሳት አያይዟል። አንዱ ቤት አምስት ዓይነ ስውር ለማኞች የሚኖሩበት ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀትና ጨርቅ ተያያዘና ብቻውን ታግሎ አጠፋው። ወጥቶ ለአንድ ፖሊስ ቢነግረው ፖሊሱ ሳቀበት። ያ ቤት ባለፈው ክረምት ስድስት ጊዜ እሳት ተነስቶበታል፣ ግን አይነድም፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ቆሻሻ እሳቱን አፍኖ ያጠፋዋል አለው።

አሁን ፎቶዎቹን በዚህ ዓይን እያቸው። ከብርሃኑ 1 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚያገኘውን፣ 2 ሜትር ላይ ያለው አንድ አራተኛውን፣ 4 ሜትር ላይ ያለው አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ከፊት ያለው ፊት እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ከኋላ ያለው ጥግ ጥላሸት የሆነው ለዚህ ነው፤ «ጨለማው የድህነት ምልክት ነው» የሚሉ ተንታኞች ግማሹን ምልክት ዱቄቱ እንደሠራው አያውቁም። ደግሞ ማግኒዥየም ሲነድ ክፍሉን በነጭ ጢስ ይሞላዋል፤ ጢሱ እስኪወጣ ሁለተኛ ማንሳት አይሞከርም። አንድ ክፍል፣ አንድ ዕድል።

የቤያርድ መንገዱን ፎቶ ታስታውሰዋለህ? «ለአንድ መኝታ አምስት ሳንቲም» የሚባለውን። ጎንና ጎኑ አራት ሜትር የማይሞላ ክፍል ውስጥ ወንድም ሴትም 12 ሰው ተኝቷል፤ ሁለት ሦስቱ ጥግ ላይ በተሠራ ቆጥ፣ ሌላው መሬት ላይ። ደባል ማለት እንዲህ ነው። ጫማው፣ ጓዙ፣ ድስቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተቆልሏል፤ ግማሹ ገና አልነቃም፣ የነቃውም የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን ቦግታውን ነው። ሪስ የገባው ከጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ጋር ለሌሊት ፍተሻ ነበር። በማግስቱ የተቆጣጣሪዎቹ ዘገባ ለጤና ቦርዱ ሲቀርብ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ውሃው ያልደረቀ ኔጌቲቭ ከጨለማ ክፍል ሲመጣ ግን መልስ ጠፋ።

ብቻውን እንዳልጀመረ ግን እወቅ። የጤና ቢሮው ዶክተር ጆን ኔግል፣ ሄንሪ ፒፋርድና ሪቻርድ ሆ ሎውረንስ ፎቶ የሚወዱ ጓደኞቹ ነበሩ፤ መጀመሪያ እነሱ ናቸው ያነሱለት። «የሽፍቶች ማረፊያ» የሚባለው፣ መልበሪ መንገድ 59½ ቁጥር ላይ ባርኔጣ ያጠለቁ ጎረምሶች በግራና ቀኝ ቆመው የሚያዩህ፣ በስሙ ቢታወቅም አጥኚዎች ለእነዚህ ጓደኞቹ ይሰጡታል። እነሱ በሌሊት መዞሩ ሲሰለቻቸው በጥር 1888 በ25 ዶላር የራሱን ካሜራ ገዛ። መጀመሪያ የወሰደው ሃርት ደሴት ወዳለው የድሆች መቃብር ነው። እዚያ ያነሳበትን ኔጌቲቭ ካልተነሱት ጋር ቀላቀለውና አንዱን ለማግኘት 12ቱንም አጠበ! የተገኘውም ብርሃን በዝቶበት ጠቁሮ ነበር፤ የመስታወት ስላይድ አድርጎ ምስሉን ወደ መጋረጃ በሚጥል ፋኖስ ሲያሳየው ግን ጥቁረቱ ለመቃብሩ ተስማማው። እስከ መጨረሻው ራሱን ፎቶ አንሺ ብሎ አልጠራም፤ እኔም እዚህ ላይ አምነዋለሁ።

የማላምነው «እውነታውን እንዳለ» የሚባለውን ነው። በረንዳ አዳሪ ልጆቹ ተቃቅፈው የተኙበት ፎቶ በጠራራ ቀን የተነሳ ነው፤ ዓይናቸውን የጨፈኑት ተብለው ነው። አንድ ፒፓ የያዘ ቦዘኔ መሰላል ላይ ተቀምጦ አየና ለመነሳት 10 ሳንቲም ሰጠው። ሰውየው ተስማማ፤ ከዚያ ፒፓውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ፒፓው በውላችን ውስጥ የለም፣ እሱ እንዲነሳ ከፈለግህ ሩብ ዶላር ነው አለው! ፒፓው በአንድ ሳንቲም ሁለት የሚሸጥ የሸክላ ነበር። ጽሑፉን ስታነብ ደግሞ ቻይናውያንን፣ ጣሊያኖችን፣ አይሁዶችን በዘር በዘራቸው እየመደበ ሲንቃቸው ታገኘዋለህ። ራሱ ስደተኛ ሆኖ! ይህን ሳትነግራቸው ፎቶዎቹን ለተማሪዎችህ አታሳይ።

በጋዜጣ ሲወጡ ፎቶዎቹ ፎቶ አልነበሩም። በየካቲት 1888 ሰን ጋዜጣ ላይ 12 ሥዕል ሲወጣ ሠዓሊ በእጁ የገለበጣቸው ነበሩ፤ ጋዜጣው ግራጫ ቀለም ማተም አይችልም ነበራ። በ1890 «ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚኖር» የተባለው መጽሐፉ ሲታተም ፎቶውን ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ የሚለውጠው አዲስ የሕትመት ዘዴ መጥቶ ከአሥር በላይ ምስሎች እንደ ፎቶ ወጡ፤ ደብዛዛ ነበሩ። ጉልበቱ የነበረው በመስታወት ስላይዱ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ እየዞረ በመጋረጃ ያሳይ ነበር። መልበሪ ቤንድ የሚባለው የድሆቹ ሰፈር ፈርሶ በ1897 መናፈሻ ሆነ።

እኔ ከሁሉ የማስበልጥለት ሰው የሌለበትን ሥራውን ነው። በ1891 የጤና ቢሮው ሳምንታዊ ዘገባ ላይ በከተማው ውሃ ውስጥ ናይትራይት እንደተገኘ አነበበ፤ ናይትራይት ማለት ፍሳሽ ገብቷል ማለት ነው። ካሜራውን ይዞ የከተማው ውሃ የሚመጣባቸውን የክሮተንን ወንዞች እስከ ምንጫቸው ተከተለና ከተሞቹ ቆሻሻቸውን የሚደፉበትን ቦታ ሁሉ አነሳ። ከዚያ የኮሌራ ተሕዋስ በወራጅ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሞችን ጠየቀ፤ ሰባት ቀን ያህል አሉት። ነሐሴ 21 ቀን ኢቭኒንግ ሰን ጋዜጣ ላይ አወጣው፤ ከተማው በወንዞቹ ዳር ያለውን መሬት ገዛ።

በ1914 ሲሞት ፎቶዎቹን ያስታወሰ አልነበረም። ያገኛቸው ሌላ ስደተኛ ነው፤ ሴቫስቶፖል የተወለደው ፎቶ አንሺ አሌክሳንደር አላንድ። የሪስን ልጅ ደጋግሞ ሲጠይቅ ኖሮ በ1946 ከ400 በላይ የመስታወት ኔጌቲቭ ከሪስ ቤተሰብ ቤት ጣሪያ ስር ወጣ። አላንድ አጽድቶ፣ ቆርጦ፣ በትልቁ አተማቸው፤ በ1947 የኒው ዮርክ ከተማ ሙዚየም አሳያቸው። ስለዚህ ዛሬ የምታደንቀው ጥራት ግማሹ የአላንድ ጨለማ ክፍል ነው።

ከፒያሳው ፎቶ ቤት አገኘሁ ስላልካቸው መስታወቶችም ላንሳ። የምኒልክ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንም ስደተኛ አርመን ነበርና የማን እጅ እንዳለባቸው አይታወቅም። እንደ ሰሌዳ አታነባብራቸው፤ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይሰነጥቀዋል። በረጅም ጎናቸው አቁማቸው፣ በየመካከሉ አሲድ የሌለው ወረቀት አድርግ፣ ጠርዙን ብቻ ያዝ። ሥዕሉ ያለበትን ፊት ውሃ እንዳታስነካ፤ ጠርዙ ላይ መላጥ የጀመረ ካለ አታጽዳው፣ ለብቻው አኑረው። ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ አንድም ሳታስቀር ገልብጠህ ላክልኝ፤ የአርመንኛውን ጽሑፍ በፎቶ አድርገው።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ