ይድረስ ለአባዬ፦ አጥንቱ የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን የሚያምዎት ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ የጠየቁኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። «ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከሞተ ፍጡር አጥንት ያወጣችሁት ዲኤንኤ የራሱ ይሁን የነካካው ሰው በምን ታውቃላችሁ?» ነበር ያሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እርስዎ የሚያመውን ቦታ ነው የነኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልዎታለሁ።

ሴል በሕይወት እስካለ ድረስ ዲኤንኤውን ቀን ከሌት ይጠግናል። ሲሞት ጠጋኝ የለም። የሴሉ ኢንዛይሞች፣ ውኃና ባክቴሪያ ተረባርበው ይቆራርጡታል፤ በቢሊዮን ከሚቆጠሩት የዲኤንኤ ፊደላት (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ከምንላቸው አራት ዓይነት ቅንጣቶች) የሚተርፉት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 70 ፊደል የያዙ ብጥስጣሾች ናቸው። በዚያ ላይ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል (ሲ የምንለው) በውኃ ምክንያት ወደ ዩራሲል ይለወጣል፣ ማንበቢያው መሣሪያም ቲ ብሎ ያነበዋል። ይህ የሚበዛው በቁራጮቹ ጫፍ ነው፤ እዚያ ሁለቱ ክሮች ስለሚላቀቁ አንዱ ክር ያለ መከታ ይቀራል። ይህችን ነገር ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። አጥንቱ የሚከፈትበት ክፍል ዲኤንኤ ከሚባዛበት ክፍል የተለየ፣ ቢቻል ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ማባዣው ክፍል ውስጥ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ወደ ንጹሑ ክፍል አይገባም፤ በልብሱና በጸጉሩ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። አየሩ ተጣርቶ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲገፋ ይደረጋል፤ በር ሲከፈት አቧራ እንዳይገባ ነው። ሙሉ ቱታ፣ ማስክ፣ የፊት መከለያ፣ ድርብ ጓንት ይለበሳል። ጠረጴዛው በበረኪና ይወለወላል፣ ሰው ሲወጣ የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራል።

አጥንቱ ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ በሲቲ ስካን ይታያል፤ የተፈጨ አጥንት አይመለስም። የሚመረጠው የጥርስ ሥር ወይም የውስጠኛውን ጆሮ የሚያቅፈው የራስ ቅል አጥንት ነው፤ ጠጣር ስለሆነ ብዙ ያቆያል። የላዩ ንጣፍ ተፍቆ ይጣላል፣ ከዚያ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ በዝግታ ይቦረቦራል። የቸኮለ ሰው ፍጥነት ይጨምራል፤ ያኔ መሰርሰሪያው ይግላል፣ ሙቀቱም የተረፈውን ይፈጀዋል። የሚያስፈልገው ዱቄት 50 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ብዙ መውሰድ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ ከአፈሩ የገባ ቡናማ ነገር አብሮ ይበዛና በኋላ ማባዣውን ኢንዛይም ያፍነዋል።

ዱቄቱ 1 ሚሊሊትር በሚሆን ኢዲቲኤና ፕሮቲኔዝ ኬ ውስጥ ገብቶ በ37 ዲግሪ ሙቀት እየተሽከረከረ ያድራል። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይይዛል፣ ፕሮቲኔዝ ኬ ፕሮቲኑን ይቆራርጣል፤ የታሰረው ዲኤንኤ ይለቀቃል። በማግስቱ ጓኒዲን ከተባለ ጨውና አይሶፕሮፓኖል ከተባለ አልኮል ጋር ይቀላቀልና በሲሊካ (እንደ መስታወት ባለ ነገር) ላይ ያልፋል። ዲኤንኤው ሲሊካው ላይ ይጣበቃል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ በጥቂት ማይክሮሊትር ፈሳሽ ተመልሶ ይለቀቃል። አልኮሉ በደንብ ካልደረቀ ቀጣዩ ደረጃ አይሠራም። ጓኒዲንና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ስለዚህ በበረኪና በሚጸዳ ክፍል ውስጥ የጓኒዲኑ ቆሻሻ ለብቻው ይጠራቀማል።

በየዙሩ ምንም ዱቄት ያልገባበት ባዶ ቱቦ ከሌሎቹ ጋር እኩል ያንኑ ሂደት ያልፋል። ባዶው ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ከተገኘ ምንጩ እኛ ወይም ኬሚካሉ ነው። አዲስ የተገዛ፣ ያልተከፈተ ኬሚካል እንኳ ሊከዳ ይችላል።

ቀጥሎ በየቁራጩ ጫፍ ላይ የናሙናው መለያ ምልክት ይገጠማል፤ የሌላ ናሙና ቁራጭ ሾልኮ ቢገባ በምልክቱ ይታወቃል። ድሮ ይህ የሚሠራው ሁለቱ ክሮች አንድ ላይ እያሉ ስለነበር የተሰነጣጠቀው ሁሉ ይቀር ነበር። ክሮቹን በሙቀት አላቅቆ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ሲቻል ነገሩ ተለወጠ። በሳይቤሪያ ዴኒሶቫ ዋሻ በ2008 የተገኘችው ትንሽ የጣት አጥንት ሙሉ ጂኖሟ (የዲኤንኤዋ ጠቅላላ ጽሑፍ) በ2012 እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ 30 ጊዜ ያህል የተነበበው በዚህ ዘዴ ነው። ዴኒሶቫውያን ከዚያች አጥንት በፊት መኖራቸው እንኳ አይታወቅም ነበር፤ ከአጥንት ቅርጽ ቀድሞ በዲኤንኤ የታወቀ የሰው ዘመድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ከሚነበበው አብዛኛው የባክቴሪያ ነው። ቀሪው ከሰው ጂኖም ጋር ይመሳከራል፤ ከ30 ወይም ከ35 ፊደል ያነሰው ይጣላል፣ አጭር ቃል በአጋጣሚ የትም ሊገጥም ስለሚችል። ከዚያ ያችን ያስያዝኩዎትን ነገር እናወጣለን። በእውነተኛው ጥንታዊ ቁራጭ ጫፍ ላይ ሲ የነበረው በብዛት ቲ ሆኖ ይገኛል። ትናንት ከቆፋሪው ላብ የገባው ግን ጫፉ ጤነኛ ነው። ብክለቱ ከበዛ ጫፋቸው የተበላሹትን ብቻ መርጦ ሌላውን ሁሉ መጣል ይቻላል። በስፔን አታፑዌርካ የተገኙት 430,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው አጥንቶች የተነበቡት እንዲህ ነው። የሚገርመው፣ የተበላሸውን ፊደል የሚያጸዳ ኢንዛይም አለ፤ ንባቡን ያጠራል፣ ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። ብዙዎች በከፊል ብቻ ይጠቀሙበትና የመጨረሻዋን ፊደል ሳትጠገን ይተዋታል። እኔም ያ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጫፍ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከመቶ ዓመት በፊት የነካው ሰው ዲኤንኤም ጥቂት ጥቂት ይበላሻል። ስለዚህ ከእናት ብቻ በሚወረሰው በሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ላይ ኒያንደርታል (የጠፋ የሰው ዘመድ) ከዛሬ ሰው ሁሉ በሚለይባቸው ቦታዎች የዛሬ ሰው ፊደል የያዙ ቁራጮች ይቆጠራሉ፤ እነሱ ብክለት ናቸው። ሴት በሆነች አጥንት ውስጥ ዋይ ክሮሞዞም ከተገኘ ደግሞ የገባ ወንድ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከውርደት የመጣ ነው። በ1994 የዳይኖሰር ዲኤንኤ ተብሎ የታተመው የሰው ሆኖ ተገኘ። በ2006 ደግሞ ሁለት ቡድኖች ከአንድ የኒያንደርታል አጥንት የተለያየ ውጤት አወጡ፤ በ2007 ሌሎች ሲመረምሩት አንደኛው መረጃ ውስጥ የዛሬ ሰው ዲኤንኤ መግባቱ ታየ። የ2010ሩ የኒያንደርታል ጂኖም ሲወጣ ብክለቱ ስንት ነው የሚለው በጥንቃቄ መለካቱ አይገርምም።

ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ብክለት የመሰለው እውነት የሚሆንበት። ከዴኒሶቫ ዋሻ የወጣች 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስባሪ ስትነበብ የኒያንደርታልና የዴኒሶቫ ፊደላት እኩል በሚባል መጠን ተገኙባት። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ናሙና ተደባልቋል የሚል ነበር። ከአጥንቷ ደጋግመው ወሰዱ፣ ያው ሆነ። ሚቶኮንድሪያዋ የኒያንደርታል ስለሆነ እናቷ ከዚያ፣ አባቷ ከዴኒሶቫውያን ነበሩ። በ2018 ታተመ።

«ታዲያ ድንቅነሽንስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ዲኤንኤን የሚፈጀው ደግሞ ከዕድሜው እኩል ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ ዋሻና የበረዶ አፈር ያቆያሉ፣ ሞቃት ቆላ አያቆይም። ከሷ ዲኤንኤ ይወጣል ብሎ አጥንቷን መሰርሰር ጥፋት ነው የሚሆነው። ከዲኤንኤ ይልቅ የሚበረታው በጥርስ መስታወት (ጥርስን በሚሸፍነው ጠንካራ ንጣፍ) ውስጥ የታሸገ ፕሮቲን ነው፤ በደቡብ አፍሪካ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆናቸው የፓራንትሮፐስ (የጠፋ የሰው የሩቅ ዘመድ) ጥርሶች ፕሮቲን ወጥቶ በ2025 ታትሟል። የሚነበበው ጥቂት ነው፣ ግን በዋይ ክሮሞዞም ላይ ብቻ የሚገኝ የጥርስ ፕሮቲን ዓይነት አለ፤ እሱ ከተገኘ ጥርሱ የወንድ ነው። ካልተገኘ ሴት ናት ማለት አይቻልም፣ ፕሮቲኑ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ያልገባዎት ቦታ ካለ አስምረውበት ይቆዩኝ።

ናፋቂ ልጅዎ