ጥድ ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የደሴ ዙሪያ ነዋሪ ነኝ፤ በአናጢነት 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ከ9 ዓመት በፊት በክረምት፣ አባቴ ባረፉበት ደብር ቅጽር ግቢ ነፋስ የጣላቸውን አሮጌ ጥዶች እንተካ ብለን ወጣን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጉድጓድ ሲቆፍሩ አብረውን ዋሉ። ችግኙን ያመጡልን ሰዎች «የሀበሻ ጥድ ነው» አሉን፤ አምነን ተከልን። ዘንድሮ ፍሬውን ሳየው ክው አልኩ። የተከልነው የፈረንጅ ጥድ ኖሯል።

ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ፍሬያቸው ግን አይዋሽም። የሀበሻው ጥድ ፍሬ ከሽምብራ አይበልጥም። ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል፣ ጠረኑም እጅ ላይ ይቀራል። ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩንም ይበትኑታል። የፈረንጁ ፍሬ ግን ጠንካራ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይሰነጠቅና ዘሩን ያራግፋል። ደግሞም የሀበሻው ጥድ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው። ፍሬ የማይዝ ጥድ ያያችሁ እንደሆነ መካን ነው ብላችሁ አትቁረጡት፤ ወንዴ ነው።

ችግኝ ፍሬ የለውም፤ እኛም የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። የሀበሻው ጥድ በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ ነው፣ ጨበጥ ሲያደርጉት መዳፍ ይወጋል። ሲያድግ ነው ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ከቀንበጡ ጋር የሚጣበቀው። የፈረንጁ ችግኝ ለመዳፍ ለስለስ ይላል። ያን ቀን አንዱን እንኳ ጨብጬ ባየው ኖሮ!

እንጨቱንማ በሙያዬ አውቀዋለሁ። የሀበሻው ውስጡ ቀይ ነው፣ በመላጊያ ስልገው ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ምስጥም አይደፍረውም። አባቴ ያቆሙት የበረት ቋሚ ዛሬም አልተነቃነቀም። የፈረንጁ ነጣ ያለ ነው፣ ለአጥር ቋሚ አላምነውም።

ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ችግኝ አፍይዎች ቢወዱት አይገርመኝም። የእኛው ዘሩ በዝግታ ይበቅላል፣ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ለጣውላና ለማገዶ የፈለገ የፈረንጁን ይትከል፤ ግን በስሙ ይሰጠው። ክረምቱ ሳይገባ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ችግኝ የሚያድሉ ሁሉ «ጥድ» ብቻ ብለው አያስረክቡን፤ የትኛው ጥድ እንደሆነና ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ጽፈው ይስጡን።

በደብሩ የቀሩት ሴቴ ጥዶች ሦስት ናቸው። ከሥራቸው ፍሬ ለቅሜ፣ ሥጋውን በውኃ አሽቼ ካጠብኩ በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ጓሮ፣ ከጥላው ሥር ዘራሁት። እስካሁን 11 በቅለዋል፤ ሁሉም መዳፍ ይወጋሉ።

አናጢው፣ ከደሴ ዙሪያ