ሰው ሲያጨበጭብ ኪሎ አትጨምር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህትህ ቪዲዮህን አሳየችን። የሲኖትራክ ጎማ ትገለብጣለህ፣ ጓደኞችህ ከበውህ ይጮኻሉ። እናትህ "ውይ ልጄን!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ደጋግሜ አየሁት። ለጥንካሬ ውድድር ልትመዘገብ ነው አሉኝ። ከአንተው አፍ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

አትወዳደር አልልህም። አዘዞ መጋዘን ኩንታል ተሸክሜ ነው ያሳደግኳችሁ። ጉልበትህ ያኮራኛል። አንድ ነገር ግን ስማኝ፦ ሰው ሲያጨበጭብ ኪሎ አትጨምር።

ከውድድሩ ዓይነቶች በሁለት እጅ ከባድ ብረት አንጠልጥሎ መሄዱን ወድጄዋለሁ። እሱ የእኛ ሥራ ነው። ወገብ ቀጥ፣ እርምጃ አጠር። መኪና መጎተቱም ደህና ነው፤ ከባዱ የቆመውን ማንቀሳቀስ ነው። የሚያስፈራኝ ድንጋይ ማንሳቱ ነው። ክብ የኮንክሪት ድንጋይ፣ ከ100 ኪሎ ጀምሮ እስከ 160 እና ከዚያም በላይ እየከበደ የሚሄድ። ኩንታል እንኳ የሚጨበጥ ጆሮ አለው።

ጎማውን ስትገለብጥ ክንድህ ታጥፎ ነበር። አይቼሃለሁ! እንደዚያ አይነሳም። ክንድህ ቀጥ ይበል፣ እግርህና ደረትህ ይግፉ። ታጥፎ ጭነት የተቀበለ ክንድ ጡንቻው ይበጠሳል።

በልጅነትህ ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ በዱላ ተደግፎ አብሮን የሚሄደውን ጓደኛዬን ታስታውሰዋለህ። ለምን እንደሚያነክስ ነግሬህ አላውቅም። በዚያ ዘመን አዘዞ ላይ እሱን የሚያህል ጫኝ አልነበረም። አንድ ቀን ከመተማ የሰሊጥ መኪና ገባ። አንዱ ነጋዴ "ሁለት ኩንታል ባንዴ ከተሸከምክ የቀኑን ሒሳብ እጥፍ እከፍልሃለሁ" አለው። 200 ኪሎ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ከበበው። ጫኑለት፣ ተነሳ፣ ሄደ። ውርርዱ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ጭብጨባው ሲደምቅ ግን ዘወር ብሎ "ግማሽ ጨምሩልኝ!" አለ። ማንም አልጠየቀውም። ጨመሩለት። ወገቡ ቀጭ ሲል ቆመን ሰማን። ነጋዴው ቃሉን ጠብቆ ከፈለው። ብሩ ለወጌሻ እንኳ አልበቃም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጆንያ ሲያነሳ አላየሁም። ሁለቱን ኩንታል እኮ ችሎት ነበር፣ ልጄ። የጎዳው ጭማሪው ነው።

የዓለም ሰዎችም ቢሆኑ አላመለጡም። እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም. 500 ኪሎ ከመሬት አንስቶ አፍንጫው ደማ፣ ራሱን ሳተ። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1977 በመጀመሪያው የዓለም የጥንካሬ ውድድር ፍራንኮ ኮሎምቡ ፍሪጅ አዝሎ ሲሮጥ ጉልበቱ ወለቀ። ያ ሰው እኮ በሰውነት ግንባታ የታወቀ ነበር።

ትንፋሽ አምቀህ ስታነሳ ደም ግፊት ይሻቅባል። በአያትህ በኩል ያለውን ታውቃለህ። ሳትመዘገብ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደህ ተለካ። ቁጥሩን ለእህትህ ላክላት። በጾም ቀንም ባዶ ሆድህን ብረት እንዳትነካ።

እናትህ በሶ አዘጋጅታልሃለች። ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ ይመጣል፣ ሹፌሩ ይደውልልሃል። ባልዲውን መልሰህ ላክ፣ ያለፈውንም አላመጣህም።

አሰልጣኝህ የሚነግርህን ኪሎ አንሳ። ከዚያ በላይ፣ አዳራሹ ሙሉ ቢያጨበጭብልህ፣ አትጨምር። የጂሙ ልጆች ቢያሾፉብህም አትጨምር። ወገብ መለዋወጫ የለውም።

ቀኑ እንደተቆረጠ ደውልልን። እኔም እናትህም እንመጣለን። አጎትህ ቤት ነው የምናርፈው፤ ለአልጋ ብለህ ገንዘብ እንዳታወጣ።

አባትህ፣
ከጎንደር