ከሥሩ ማን አነደደበት?

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 19

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እንኳን ለፆሙ ፍቺ በሰላም አደረስዎ። እታለም ጉልበቷ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከብርዱ በቀር። የደብረ ብርሃንን ነሐሴ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል።

ይህን የምታነብልዎት ያቺ የእህቴ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ፣ በስልኳ ነው የምልክላት። አንቺ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። የከበደሽን ቃል እየዘለልሽ እንዳታልፊ፣ ኋላ ይጠይቁኛል።

ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ አስቀየምኩዎት መሰለኝ። በሬዲዮ የምድር ዳር ዳር በረዶ ከሥሩም እየቀለጠ ነው ሲባል ሰምተው «ያ ሁሉ ብርድ ባለበት አገር ከሥሩ ማን አነደደበት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የውሃ ጉድጓድ የምንቆፍርበት ሳይት ላይ ነበርኩ። ኮምፕረሰሩ ይጮሃል፣ መቆፈሪያው ሪግ ላይ ያሉት ይጠሩኛል፣ «ሳይንስ ነው ጋሼ፣ ይተዉት» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ስተኛ ከነከነኝ። ጥያቄው ዋዛ አይደለማ! ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለሱ ሳነብ ከረምኩ፣ እና ያገኘሁት ነገር እርስዎ ከዚያው ከገመገሙ ላይ ሆነው የሚያውቁት ነገር ሆነና አረፈው።

መጀመሪያ መጠኑን ልንገርዎ። በደቡብ በኩል ያለው፣ አንታርክቲካ የሚሉት፣ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያን አሥራ ሁለት ጊዜ ይውጣታል። ውፍረቱ በአማካይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቁ ቦታ ላይ ከ4,700 ሜትር ያልፋል። ራስ ደጀንን ከባሕር ጠለል ጀምረው ቢያቆሙበት አናቱ አይታይም።

እዚያ ቮስቶክ የሚባል የሩሲያ ጣቢያ አለ። በ1983 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተለካበት። አየር በሚለካ መሣሪያ እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ የከፋው ብርድ ይሄ ነው። ከዚያው ጣቢያ ሥር፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በረዶ ወረድ ብሎ፣ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ሐይቅ። ያልጠጠረ፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ። ርዝመቱ 250፣ ወርዱ 50 ኪሎ ሜትር። ጣናን አራት ያህላል። እንዲህ ያለ ከበረዶ ሥር የተደበቀ ሐይቅ ትልቅም ትንሽም ተቆጥሮ ከ400 በላይ ተገኝቷል፤ አውሮፕላን ላይ ራዳር ጭነው በላዩ እየበረሩ፣ ከሥር የሚመለሰውን እያዩ።

ያነደደው ማን ነው ላሉት፣ ምድር ራሷ ናት። ወደታች በተወረደ ቁጥር ድንጋዩ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። ሙቀቱ ትንሽ ነው፣ ጀበና አያፈላም። ግን መውጫ የለውም። በረዶው እንደ መንዝ ባና ተደርቦበታል። በረዶ ያበርዳል እንጂ ያሞቃል እንዴ ይሉኝ ይሆናል። ባናውስ ራሱ ይሞቃል እንዴ ጋሼ? የእርስዎን ሙቀት ነው እንዳያመልጥ የሚይዘው። ክብደቱም አለ። አራት ኪሎ ሜትር በረዶ ሲጫነው ውሃ በዜሮ ዲግሪ መጠጠሩን ይተዋል፣ ከዜሮ በታች ሦስት ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይጠጥርም። ስለዚህ እዚያ ሥር ትንሽ ሙቀት ብዙ ሥራ ትሠራለች።

ሩሲያዎቹ እዚያ ሐይቅ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደቆፈሩ ባወራዎት ያዝኑላቸዋል። እኛ እዚህ 150 ሜትር ስንወርድ ወገባችን ተቆረጠ እንላለን። እነሱ በ2012 በፈረንጅ፣ 3,769 ሜትር ወርደው ነኩት። ገና ሲነኩት ውሃው በጉድጓዱ ሽቅብ ወጣና እዚያው ጠጠረ። ይህቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አምና አንድ ሳይት ላይ 130 ሜትር ላይ ያገኘነው ውሃ በካሲንጉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በምንከተው ቧንቧ፣ ተነሥቶ፣ ተነሥቶ፣ ከአፉ 20 ሜትር ሲቀረው ቆመ። ማንም አልጎተተውም። የተጫነው ነገር ነው የገፋው። ሰዉ ተአምር ነው እያለ ሊያይ መጣ፣ አንዷ እናት ጠበል ነው ብለው ጀሪካን ይዘው መጡ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የተጫነ ውሃ መልሶ ይገፋል። የበረዶው ክብደት ውሃውን ይጫናል፣ ውሃው ደግሞ በረዶውን ከአልጋው ላይ ትንሽ ያነሣዋል፣ ድንጋዩን እንዳይቆነጥጥ ያደርገዋል።

ልጆች ሆነን በኅዳር ውርጭ የምናደርጋት ጨዋታ ትዝ ትልዎታለች? ጠዋት የበጎቹ መጠጫ ገበቴ ላይ የጠጠረውን እንደ ቂጣ አንሥተን፣ በረት በር ላይ ያለው ያ ዘመም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ ይጣበቃል። በጣት ብንገፋው እምቢ። ፀሐይዋ ወጥታ ድንጋዩን ለብ ስታደርገው ግን ማንም ሳይነካው ሹልክ ይላል። ላዩን ብታየው አልቀለጠም፣ ጠርዙ ገና እጅ ይቆርጣል፣ ገብስ እብቅ ውስጡ እንደተቀረቀረ ነው። የቀለጠው ከሥሩ ነው፣ የወረቀት ያህል ብቻ። ያቺ ወረቀት የምታህል ውሃ ናት ቂጣውን ይዛው የሄደችው። የእኔ ሁልጊዜ ቀድሞ ይወርድ ነበር፤ ለካ ድንጋዩን ደብቄ ሽንት እሸናበት ስለነበር ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ትልቁም እንደዚያው ነው። ቆሞ አያውቅም፣ ከመሐል ወደ ባሕር ይሄዳል። መሐል ላይ በዓመት ጥቂት ሜትር ነው የሚጓዘው። አፉ ጋ ሲደርስ ግን የሚሮጥ አለ። ሰሜን ላይ ግሪንላንድ የሚባል አገር አንዱ ግግር በረዶ፣ ያኮብስሃቭን ይሉታል፣ በ2012 በጋ በቀን ከ40 ሜትር በላይ ሲሄድ ተለክቷል። ሲሄድ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ያቀልጣል፣ የቀለጠው እንደገና ያንሸራትተዋል።

ግሪንላንድ ላይ ሌላም ነገር አለ። እዚያ በጋ ሲሆን ላዩም ይቀልጣል፣ በረዶው ጀርባ ላይ ሰማያዊ ኩሬ ይሞላል። ታዲያ አንድ ቀን ኩሬው ከሥሩ ስንጥቅ ያገኛል። ውሃ ከበረዶ ይከብዳል አይደል? ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ እየፈለጠው ይወርዳል። በ2006 በጋ አንዱን ሲከታተሉት፣ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የያዘ ኩሬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጭልጥ ብሎ ገባ። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረዶ በስቶ እስከ መሬቱ ወረደ። በረዶው ከአንድ ሜትር በላይ ሽቅብ ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ያንን ሁሉ ተራራ ያነሣው ውሃ ነው እንግዲህ።

ይሄን አንብቤ እንግዲያው ውሃ በበዛ ቁጥር በረዶው ይብስ ይፈጥናል አልኩ። እንደዚያ አይደለም። እዚህ ላይ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የላይኛው ማሳ ላይ ፈሰስ ስናወጣ፣ ወንድሜ ሰልችቶት መሐል ላይ ትቶ የሄደ ጊዜ። ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም፣ ግን ውሃው መሄጃ አጥቶ ማሳው ላይ ተኛ፣ አፈሩ አበጠ፣ ባቄላው ከነሥሩ ተንዶ ወንድሜ የተኛበት ድረስ መጣ ብለን ስንት ዘመን ሳቅንበት። በማግሥቱ እርስዎ ብቻዎን ቆፍረው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝናብ በእጥፍ ይበልጥ ነበር፣ ማሳው ንቅንቅ አላለም። «ውሃ ጠላትህ አይደለም፣ የተኛ ውሃ ነው ጠላትህ» አሉን።

በረዶው ሥርም ልክ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። በበጋው መጀመሪያ ውሃው ሲወርድ መንገድ የለውም። ሳስቶ ይተኛል፣ ይጨናነቃል፣ በረዶውን ያነሣዋል፣ በረዶው ይፈጥናል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ውሃው የራሱን ፈሰስ ያወጣል። በረዶውን ከሥር እያቀለጠ ዋሻ የመሰለ ቦይ ይሠራል፣ የተኛውን ሁሉ ከዳር ከዳር እየሳበ ይዞት ይሄዳል። ጫናው ይበርዳል፣ በረዶው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ውሃው እኮ በዝቷል! ፍጥነቱ ግን ቀነሰ። የእነሱ ክረምት፣ ብርዱ፣ ሲመጣ ውሃው ይደርቃል፣ የበረዶው ክብደት ቦዩን ይደፍነዋል፣ ለከርሞ እንደ አዲስ። አስቸጋሪው በድንገት የሚመጣው ነው፣ ቦዩ ሳይከፈት የሚወርደው። አጥኚዎቹ እርስዎን ጠይቀው ቢሆን ይህን ለማወቅ አንድ ወር ባልፈጀባቸው ነበር።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አያባራም። ውሃው ከበረዶው ሥር ሮጦ ባሕር ሲደርስ ሌላ ጣጣ አለ። እሱ ጨው የለውም፣ ቀላል ነው። ከባሕሩ ሥር እንደወጣ በበረዶው ግድግዳ ሽቅብ ይንተከተካል፣ ሲወጣ ከጥልቁ ያለውን ሞቅ ያለ ጨዋማ ውሃ እየሳበ በበረዶው ላይ ያሻዋል። በረዶው ከሥሩ ይበላል፣ ገደል ሆኖ ይቀራል፣ ኋላ ይናዳል። አንታርክቲካ ላይ ትዌይትስ የሚሉት አለ፣ ወርዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእኔ ቤት ተነሥተው አዲስ አበባ ሊገቡ ትንሽ ሲቀርዎት ማለት ነው፣ አንድ ግግር ብቻውን። የተቀመጠበት አልጋ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ሞቃቱ ውሃ ከሥሩ ይገባበታል። እሱ ብቻውን ቢያልቅ የዓለም ባሕር ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ግሪንላንድ ሙሉው ቢያልቅ ሰባት ሜትር። ይሄ የብዙ መቶ፣ የግሪንላንዱማ የሺህ ዓመት ነገር ነው፣ አይደንግጡ። ለእኛ ምናችን ነው እንዳይሉኝ ደግሞ ማዳበሪያው የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ ነው፣ ወደብ ደግሞ ባሕር ዳር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህም ነው።

እህቴ ነግራኛለች። ከቤታችን በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል አሉ፣ ክንድ ይገባል አለችኝ። የታችኛው ምንጭ ደፍርሷል፣ ባሕር ዛፎቹም ወደ ቆላው አጋድለዋል። እርስዎ ደግሞ «ዝናቡ እኮ ቀነሰ» ብለዋታል። ጋሼ፣ ዝናቡ መቀነሱ አያሳምነኝም። በደብረ ሲና በኩል ያለውን ዳገት ስንት ጊዜ ሲናድ አይተዋል? ዝናቡ ባባራ በሳምንቱም ይናዳል። ውሃው ሥር ከገባ ከላይ ያለውን ሰማይ አይጠይቅም። ከአንድ ቢሮ ልጆች መጥተው ፎቶ አንሥተው ሄዱ አለችኝ፣ እነሱን ከጠበቅን መስከረም ይጠባል።

ስንጥቁ ያ የግሪንላንዱ ኩሬ አፍ ነው። በእርሱ የሚገባው ውሃ ነው መሬቱን ከሥር የሚያነሣው። ስለዚህ ልጆቹ በመረሬ ጭቃ ጠቅጥቀው ይድፈኑት፣ ከላይ ውሃ እንዳያቁር ጉብ ያድርጉት። ከስንጥቁ በላይ ያለው የድሮው ፈሰስ ተደፍኗል፣ እሱን ይክፈቱና ውሃውን ወደ ሸለቆው ያዙሩት። እርስዎ ቆመው ያሳዩ እንጂ ዶማ እንዳያነሱ። ዝናቡ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ማታ ማታ እህቴ ቤት ይደሩ። ከብቶቹስ ይላሉ፣ አውቃለሁ። ከብቶቹም እዚያው ይደሩ።

አንድ ነገር ደግሞ። እነዚያ ሰዎች በረዶው ላይ ጂፒኤስ ተክለው ነው በየቀኑ ስንት እንደሄደ የሚያውቁት። እኛ ሁለት ችካል ይበቃናል። አንዱን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ በሁለቱ መሐል የሚደርስ ክር። ትንሿ በየጠዋቱ በእህቴ የስፌት ሜትር ትለካና ቁጥሩን ትጻፍልኝ። አንቺ፣ ሰምተሻል? ከችካሉ አናት እስከ ችካሉ አናት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ከትናንቱ በጣት ያህል ከጨመረ ለእኔ አትደውዪ፣ መጀመሪያ አያቶችሽን ይዘሽ ውጪ።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ። እስከዚያ የዛሬውን ቁጥር ማታ ላኩልኝ።

ልጅዎ