ለልጄ፦ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሥራሽ

ውድ ልጄ፣

ከኮምቦልቻ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደሴ ላይ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል መመደብሽን በስልክ ስትነግሪኝ ቅሬታሽ ገባኝ። «ሐኪሙ ያዛል፣ ማሽኑ ያሞቃል፣ እኔ ቆሜ ከማየት ሌላ ምን ሠራሁ?» ብለሽኛል። ዕድሜዬን በዚያ ሥራ ያሳለፍኩ ነርስ በመሆኔ፣ ማየቱ ራሱ ሕክምና መሆኑን ሳልነግርሽ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐኪሙ የጠዋት ዙሩን ጨርሶ ሲሄድ ከሕፃኑ ጋር የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ጨቅላ ሕፃን አመመኝ አይልም፤ ሲብስበትም ብዙ ጊዜ ከማልቀስ ይልቅ ዝም ይላል፣ መጥባት ይተዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል። ኢንፌክሽን ሲይዘው ትኩሳት ብቻ ሳይሆን መቀዝቀዝም ሊታይበት ይችላል። ትናንት ደህና ሲጠባ የነበረ ሕፃን ዛሬ ጡት ሲቀርብለት ፊቱን ካዞረ፣ ያንን የሚያስተውል መሣሪያ የለም፤ የምታስተውለው ትናንትም የነበረች ነርስ ናት። የጨቅላ ትንፋሽ ወጣ ገባ ስለሚል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ እንጂ በ15 ሰከንድ ቆጥረሽ አታባዢ። 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካቃሰተ፣ ዙር እስኪደርስ ሳትጠብቂ ሐኪሙን ጥሪ።

በቱቦ ስትመግቢም ጊዜ ስጪው። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ካረጋገጥሽ በኋላ የሲሪንጁን መግፊያ አውጪና የእናቱን ወተት አፍስሰሽ ሲሪንጁን ከሕፃኑ ከፍ አድርገሽ ያዢ፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ። ወረፋ ቢበዛብሽም አትግፊው፣ ሊያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ዓይንሽም ከከንፈሩ ቀለም አይነሣ።

ኦክስጅንን እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ኦክስጅን ያለ ልክ የተሰጣቸው ብዙ ሕፃናት ዓይናቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ያለ ጊዜው ተወልዶ ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን፣ መለኪያው የሚያሳየው የደሙ ኦክስጅን ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል እንዲቆይ የሚሰጠውን መጠን ዝቅና ከፍ የምታደርጊው አንቺ ነሽ፤ 100 ሲያሳይ ደስ ብሎሽ አትለፊው።

የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። ከእኛ ዘንድ ሪፈር ተጽፎለት የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሕፃን በብርድ ልብስ ብቻ ተጠቅልሎ ከሆነ በረዶ ሆኖ ይደርሳል። እንደደረሰ ሙቀቱን ለኪ፤ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ለአምቡላንስ ነርሶችም በእናቱ፣ እናቱ ካልቻለች በአያቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርገው እንዲያመጡት ንገሪያቸው። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረ ቢሆንም፣ ዛሬ የድሃ መፍትሔ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ ለተወለዱ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ ከተወለዱ ጀምሮ እንዲደረግ መክሯል።

እናቲቱ ግን ትፈራለች። ቱቦና ሽቦ የተያያዘበትን ልጇን መንካት እንደሚጎዳው ታስባለች፤ ዘመድም «አትንኪው» ይላታል። በወሎ ወግ «አብሽሪ» በያት፣ እጇን አስታጥቢያት፣ ልጇን በደረቷ ላይ ራስሽ አስቀምጭላትና እስክትለምድ አጠገቧ ቁሚ። ወተቷን ማለብም አሳያት። ልጇን ይዛ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቀው እሷ ናትና የሕመም ምልክቶቹን በቃሏ እስክትመልስልሽ ድረስ አስተምሪያት።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ሦስቱም በየዕለቱ በእጅሽ ያልፋሉ።

ተረኛ ስትቀይሪ ርክክቡን በየአልጋው ቆማችሁ አድርጉት እንጂ በመዝገብ ብቻ አትለያዩ፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን፣ «ይህ ሕፃን ዛሬ አላማረኝም» የሚለውን ሳይቀር ለምትተካሽ ንገሪያት።

እናትሽ